የምርት መዝገብ አያያዝ በመድኃኒት ፋብሪካ
በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቂሊንጦ አካባቢ ባለ የመድኃኒት ፋብሪካ የአሠራር መመሪያ ሲረቀቅ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ቢሳተፍ ይመረጣል፤ ቢሮ ውስጥ ብቻ የተጻፈ መመሪያ ከሥራው ጋር እምብዛም አይገጥምምና። አዲስ እትም ሲጸና አሮጌው ከሥራ ቦታ ይሰበሰባል። የምርት መዝገቡ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ምርት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ፣ ሥራው እንደተከናወነ ወዲያው፣ በማይለቅ ቀለም ይሞላል። ስሕተት ሲገኝ የቀድሞው ጽሑፍ መነበብ እንዲችል በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝና ትክክለኛው፣ ምክንያቱ፣ ፊርማውና ቀኑ ይጻፋል፤ ፍሉድ መቀባት ፈጽሞ አይፈቀድም። በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚያምታታው ግን አቆጣጠሩ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓትም በማሽኑ ወረቀት ላይ 09:00 ተብሎ ሊታተም ስለሚችል፣ የትኛው እንደሚሠራበት መመሪያው አስቀድሞ ይወስን። የምርት መዝገቡ የመድኃኒቱ መጠቀሚያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢያንስ ለ1 ዓመት ይቀመጣል።