አባትና ልጅ አሮጌ ፒክአፕ ሲያድሱ በየቅዳሜው የማያቸው ስህተቶች

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከአያት ግቢ አቧራ የጠጣ ፒክአፕ አስጎትቶ የሚመጣ አባት በዝቶብኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ አልፎ አልፎ ዳትሰን ወይም ፔጆ 404። ከኋላ አንድ ልጅ ይከተላል። «ከልጄ ጋር ልናድሰው ነው» ይለኛል አባትየው። ጋራዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ስለሆነና ሶማሌ ተራም በእግር ስለሚደረስ፣ ቦታና ምክር ፍለጋ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ከዚያ ያው ስህተት ይጀመራል፤ ደስታዬም እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም።

ሊብሬውን ሳያዩ ቁልፍ ማንሳት

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ሳታረጋግጡ አንዲት ብሎን አትፍቱ። አሮጌ ፒክአፕ በዕድሜው ሁለትና ሦስት ሞተር ቀይሮ ሊሆን ይችላል። የተቀየረው ካልተመዘገበ ዓመታዊው ምርመራ ላይ ትቆማላችሁ፤ ቦሎም አታገኙም። አንድ ደንበኛዬ ቁጥሩን ያነበበው ስምንት ወር ከደከመ በኋላ ነው፤ ያውም ልጁ ሞተሩን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ አግኝቶት።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መበታተን

መፍታት ደስ ይላል። ጠዋት የገባ መኪና ማታ ኮፈኑ አንድ ጥግ፣ ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ሌላ ጥግ፣ ካሶኔው (የጭነት ሣጥኑ) ደጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብሎኖቹ ሁሉ በአንድ ባልዲ ተከማችተዋል። ከሁለት ወር በኋላ የባልዲውን ቋንቋ የሚያነብ ሰው የለም።

አንዱን ክፍል ፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ገጥማችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ብሎኑን ከተቻለ ወደ ወጣበት ቀዳዳ መልሱት፤ ካልተቻለ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ ጨምሩበት፣ ልጁም በላዩ ላይ የምን እንደሆነ ይጻፍበት። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ገመዶችን ሳትቆጥሩ አትንቀሉ። የእነዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች አቀጣጠል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ ሁለት ገመድ ቦታ ከተለዋወጠ ሞተሩ ያስነጥሳል እንጂ በወጉ አይነሳም።

ልጆች ስም ሲጠይቁ አትቸኩሉባቸው። አንዷ «ፓራፋንጎ የሰው ስም ነው?» ብላኛለች። ኮፈን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን)፣ ባሌስትራ (የላሜራ ሞላ)፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ)፣ ሁሉም ጣሊያን ጥሎልን የሄደ መሆኑን ስነግራት ግማሽ ቀን ሌላ ቃል ስታድን ዋለች።

በክረምት ላሜራ መግፈፍ

ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡም የሚበረታው ያኔ ነው። አባት «አሁን ጊዜ አለን» ብሎ ሐምሌ ላይ ቀለሙን በሙሉ ይገፍፋል። ራቁቱን ያደረ ላሜራ ጠዋት ብርቱካን መስሎ ይጠብቀዋል። በእርጥበት የተረጨ ቀለም ደግሞ ደርቆም ነጭ ጉም እንደለበሰ ይቀራል። ክረምቱን ከጣራ ሥር ለሚሠራው ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለሽቦው ስጡት። የላሜራና የቀለም ሥራ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የምትችሉትን ያህል ብቻ ገፍፋችሁ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ልጁ ትምህርት ጀምሯል ትሉኝ ይሆናል። ቅዳሜ የት ሄዶ?

ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ

ማግኔት ይዛችሁ ገላውን ዳሱት፤ የማይዝበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ልጥፍ) ነው። የጋቢናውን ምንጣፍም ገልብጡ። የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ካልተበየደ ስቱኮው ውኃ አቁሮ ከሥር ይበላዋል።

በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት

አይሆንም። ብሎኬትም፣ ድንጋይም አይሆንም። መደገፊያ ብረት ከሻንሲው ሥር፣ ታኮ ከጎማው ሥር። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ጋራዤ ውስጥ አይሠራም።

ልጁን ባትሪ ያዥ ማድረግ

አማርኛችን ሞተሩን ለሚያስነሳው ሣጥንና በእጅ ለሚያዘው መብራት አንድ ስም ሰጥቷቸዋል። ልጁ ስለ መጀመሪያው ሊማር መጥቶ ሁለተኛውን ተሸክሞ ይውላል። «ባትሪ ያዝልኝ! ወደዚህ! ወደዚያ አይደለም፣ ወደዚህ!» በየቅዳሜው የምሰማው ይህንን ነው። ልጁ ቁልፍ ሲያነሳ አባት «ቆይ፣ አልገባህም፣ አምጣ» ይልና ይነጥቀዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ በአንድ እጁ መብራት፣ በሌላው ስልክ ይዟል። በአምስተኛው አይመጣም። አባትየው «የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም» ይለኛል። ማን ነው ትዕግሥት ያጣው?

የ13 ዓመት ልጅ አንድ የዛገ ብሎን ለመፍታት 20 ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ! ማታውኑ ናፍጣ ቀብታችሁ አሳድሩለትና ጠዋት እሱ ይታገለው። ቁልፉን በግማሽ አስገብቶ የብሎኑን ራስ ያሟልጨዋል፤ እናንተም በዕድሜው አሟልጫችኋል። ከቸኮላችሁ መኪናውን ለእኔ ስጡኝ፤ ጨርሼ አስረክባችኋለሁ፣ ልጁም ቅዳሜውን ኳስ ይጫወትበት። ብየዳ፣ የጋለ ራዲያተር መክፈትና መኪና ሥር መግባት የልጅ ሥራ አይደለም። ካንዴላ ማጽዳት፣ ሞተሪኖ ፈትቶ መግጠም፣ ሽቦ መከተል ግን የልጅ ነው። የባትሪ ገመድም እንዲሁ፤ ሲፈታ ኔጋቲቩ ቀድሞ፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ።

ይህን ስጽፍ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከልጄ ጋር የ1982 ሞዴል ሃይሉክስ ስናድስ የጎማ ዳዶ አጠባበቅ አስተማርኳት፤ በየቸርኬው ስድስት፣ በጠቅላላው ሃያ አራት። የጠበቀ ዳዶ መላላቱ እንዲታወቅ ከዳዶው ወደ ቸርኬው የሚያልፍ መስመር እንድታሰምርም ነገርኳት። በቀይ የጥፍር ቀለሟ አሰመረች። ማታ እሷ ስትተኛ ሆዴ አላስችል አለኝና ወርጄ ሁሉንም እንደገና አጠበቅኳቸው። ጠዋት መስመሮቹ አልገጠሙም። «አባዬ፣ ማታ ማን ነካው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት። ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ለነገሩ ከሃያ አራቱ የላሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛውን ደግሞ በትክክል አጥብቃው ሳለ እኔ ከልክ በላይ ጠምዝዤ ጥርሱን በላሁት። መፈተሽ የሚገባኝ ጠዋት፣ እሷው ፊት ነበር።

በቤንዚን ማጠብ፣ የፍሬን አቧራ መንፋት

ዕቃ የሚታጠበው በናፍጣ ነው፣ ቤንዚን እሳት ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ከበሮውን ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ በውኃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት።

አሮጌውን ዕቃ ሳይዙ ሶማሌ ተራ መሄድ

«የሃይሉክስ የውኃ ፓምፕ» ብሎ መጠየቅ «የሰው ጫማ» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። አሮጌውን ልጁ ይያዝ፤ ቀዳዳውን ከቀዳዳው ጋር እሱ ያስተያይ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲል ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃውን እዩ።

የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት

አዲስ የተገጠመ ካርቡሬተር ጥቁር ጭስ ሲያስወጣ ሁሉም ፒስተን ይጠረጥራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር ነዳጁን እንደዚያው እየሰጠ አየሩ ሲያንሰው ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ፒስተን ከመፍታታችሁ በፊት ነዳጅ ማሳለፊያውን በጠባብ ለውጡና ሞክሩ። ውኃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጎማው ያረጀ የራዲያተር ክዳን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍሬኑን ሳይጨርሱ ወደ ቸርችል መውረድ

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ስንት ዓመት ቆሞ የኖረ መኪና ውስጥ ያለውን አሮጌ ዘይት በሙሉ አስወጡት። ቀለም ላይም አታንጠባጥቡት፣ ይልጠዋል። አየሩ የሚወጣው ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ነው፤ መሪው ግራ ለሆነ መኪና ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ።

ከዓመታት በፊት አንድ አባትና ልጅ የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ብቻ ሠርተው፣ «ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር በሉ» ብዬ ብልካቸው፣ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥተው በቸርችል ጎዳና ወረዱ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ታች ሲመጡ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። አባትየው ማርሽ ቀነሰ፣ ልጁ ማንም ሳይነግረው የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ዋናው ፖስታ ቤት ሳይደርሱ ቆሙ። በእጅ ፍሬንና በአንደኛ ማርሽ ተመልሰው መጡ፤ ሁለቱም አይናገሩም።

ከኋላ ቀኝ ጎማ እንደገና ጀመርን። አባትየው ጋቢና ውስጥ ፔዳል ላይ፣ ልጁ ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ይዞ። «ርገጥ! ያዝ! አትልቀቅ አልኩህ!» እያለ አባቱን ያዝዘዋል፤ አባትየውም ይረግጣል፣ ይይዛል። አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጠርቶ እስኪወርድ 40 ደቂቃ ፈጀ።