የዓመት ፈቃድ ሲስተም ከማሠራታችሁ በፊት፦ ወሰንና መስፈርት እንዴት ይጻፋል?

ብዙ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ሲያስገባ የሚጀምረው ከፕሮፎርማ ነው። «የፈቃድ ሲስተም እንፈልጋለን፣ ዋጋ ላኩልን» ተብሎ ለሦስት ድርጅት ይጻፋል። ሦስቱም በጣም የተራራቀ ዋጋ ይልካሉ። ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ዋጋ ያወጡት ለየራሳቸው ግምት ነው። አንዱ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ብቻ አስቧል፣ ሌላው ደመወዝንም ጨምሮበታል። ይህን ግምት መዝጋት ያለበት ገዢው ነው፤ የሚዘጋውም ሲስተሙ ምን እንደሚያካትትና እንደማያካትት (ወሰን)፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም (መስፈርት) በሰነድ ጽፎ ነው። ለመካከለኛ ድርጅት ጥቂት ገጽ ይበቃል፤ ግን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መጻፍ አለበት።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ድርጅት የዓመት ፈቃድን በሲስተም ላድርግ አለ እንበል። ትንሽ ሥራ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ሕግ አለ፣ ካላንደር አለ፣ የሰው መብት አለ። አካሄዱን ለንብረት መዝገብም ሆነ ለሌላ ሲስተም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ችግሩን ጻፉ

አንድ አንቀጽ ይበቃል። «ሠራተኛው ስንት ቀን እንደቀረው ለማወቅ ሰው ሃብት ቢሮ መሄድ አለበት። ቅጹ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ዓመቱ ሲያልቅ የእኛ ኤክሴልና የሠራተኛው ቆጠራ አይገጥምም።» የሶፍትዌር ስም አታስገቡ። ከአንቀጹ ሥር ክርክር ሲነሳ የሚወስነውን አንድ ሰው በስም ጻፉ። ኮሚቴ ቢኖርም የመጨረሻ ቃል ያለው ሰው መታወቅ አለበት።

2. ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጎን ተቀመጡ

ስብሰባ ጠርቶ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ማለት ብዙ አያስገኝም። ኃላፊዎች ያወራሉ፤ ቅጹን በየቀኑ የምታስተናግደው ባለሙያ ዝም ትላለች። ስለዚህ ጠረጴዛዋ ድረስ ሂዱ። «ባለፈው ሳምንት የመጡትን ጥያቄዎች፣ ከመጡበት ጀምሮ ፋይል እስኪገቡ ድረስ እስቲ አሳዪን» በሏት። ማን እንደሚፈርም፣ ቅጂ ለማን እንደሚሄድ፣ ማህተም የት እንደሚያርፍ ጻፉ። ቅጹንም ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ በመደበኛው መንገድ የማይሄደው የትኛው ነው? ኃላፊው ራሱ ፈቃድ ላይ ከሆነ ማን ያጸድቃል? ለቅሶ ደርሶበት በስልክ ብቻ አስታውቆ የሄደ ሰው ቅጹን ማን ይሞላለታል? ከፈቃዱ ላይ የተጠራ ሠራተኛ ቀሪ ቀኑ እንዴት ይያዝለታል? ፈቃድ ላይ እያለ የታመመስ? መጋዘን ያለው ጥበቃ ኮምፒውተር የለውም፤ በምን ይጠይቅ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘልሏት። ሲስተሙ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ከተሠራ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ቀሪ ቀናቸውን ለማወቅ እንደ ድሮው ሰው ሲለምኑ ይኖራሉ። በስልክ አጭር መልእክት ይሁን ወይም የክፍሉ ኃላፊ ይሙላላቸው፣ መልሱ ሰነዱ ላይ ይስፈር። በእኔ እምነት ጥሩ የመስፈርት ሰነድ ግማሹ እንዲህ ያሉ ለየት ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

3. ሕጉን ወደ ስሌት ቀይሩ

«በሕጉ መሠረት ይሠራል» የሚል መስፈርት ለገንቢው፣ ማለትም ሲስተሙን ለሚሠራው ድርጅት፣ ምንም አይነግረውም። ቁጥሩን ጻፉለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው 18 ቀን አለው ማለት ነው። የወሊድ ፈቃድ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። አባት 3 ተከታታይ ቀን አለው። ኅብረት ስምምነታችሁ ከዚህ የተሻለ የሚል ከሆነ የእሱን ቁጥር ጻፉ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በምሳሌ ፈትኑት። በ2018 ዓ.ም. የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል በዓል፣ የዋለው ሰኞ ነው። አንድ ሠራተኛ ከሐሙስ የካቲት 19 እስከ ረቡዕ የካቲት 25 ፈቃድ ወሰደ እንበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚሠራ ድርጅት የሚቀነስበት 4 ቀን ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትሠሩ ከሆነ 4.5 ነው ወይስ 5? ሰው ሃብት አንድ፣ ፋይናንስ ሌላ መልስ ቢሰጧችሁ አትደንግጡ። እንዲያውም ይህ አለመግባባት አሁን መውጣቱ ጥሩ ነው። ወስኑና ምሳሌውን እንዳለ ሰነዱ ውስጥ አስገቡት።

4. ካላንደርና ስም

ለውጭ ገበያ የተሠራ ሶፍትዌር ሊያስቸግር የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 ፈቃድ ሲጠየቅ ሲስተሙ ጳጉሜን በትክክል መቁጠር አለበት፤ አምስት ቀን ስትሆንም ስድስት ስትሆንም። ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ስለሆነ በዚያ ዓመት ስድስት ናት። ይህንንም ምሳሌ ከነመልሱ ሰነዱ ውስጥ አስገቡት። የዒድ ቀን ደግሞ በጨረቃ መታየት ይወሰናል። ስለዚህ የበዓል ቀን ማስተካከል የሚችለው የሰው ሃብት ባለሙያው ራሱ ይሁን፤ ገንቢው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ቀድሞ የጸደቀ ፈቃድም በዚያው ልክ እንደገና ይቆጠር።

ስም ላይ ሦስት ቦታ ያስፈልጋል፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ፍለጋውም «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ብሎ የጻፈን ሁሉ ወደ አንዱ ሰው ማድረስ አለበት።

5. የሚገባውንና የማይገባውን ለዩ

ሁለት ዝርዝር ጻፉ። የሚገባው፦ መጠየቅ፣ ማጽደቅ፣ ቀሪ ቀን ማሳየት፣ ወርኃዊ ሪፖርት። የማይገባው፦ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የአሻራ ሰዓት መቆጣጠሪያ። ሁለተኛው ዝርዝር የሚያስፈልገው በኋላ «ይሄማ ውስጡ ያለ መስሎን ነበር» እንዳይባል ነው። ፋይናንስ ክፍሉም ደመወዝ በዚህ ዙር እንደማይነካ ቀድሞ ይወቅ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ የድሮው መረጃ። የየሠራተኛውን ቀሪ ቀን ከኤክሴሉ አውጥቶ የሚያጣራው ማን ነው? ሠራተኛው አይቶ የሚፈርምበትስ መቼ ነው? ካልተጻፈ ገንቢው የእናንተ ሥራ ነው ይላል፣ እናንተም የእሱ ትላላችሁ።

የሐኪም ማስረጃ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የሰው የጤና መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ማን ማየት እንደሚችል እስክትወስኑ ድረስ ወደ ሲስተሙ ባይገባ እመርጣለሁ። ኃላፊው ሠራተኛው በሕመም መቅረቱን ቢያውቅ ይበቃዋል፤ የበሽታውን ስም ማየት አያስፈልገውም።

6. ሊፈተን በሚችል ቋንቋ ጻፉ

«ሲስተሙ ፈጣንና ቀላል ይሁን» የሚለው በርክክብ ቀን አይጠቅማችሁም። እንዲህ ብትሉስ፦ «ሠራተኛው ሲጠይቅ ቀሪ ቀኑን እዚያው ገጽ ላይ ያያል። ከቀሪው በላይ ከጠየቀ ሲስተሙ አይቀበልም። ኃላፊው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሰ ጥያቄው ወደ ተተኪው ይሄዳል።» እያንዳንዱን በቁጥር ለዩት። አጠገቡም «የግድ» ወይም «ቢኖር ጥሩ» ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም «የግድ» ከሆነባችሁ አንድ ጥያቄ ይረዳል፦ ይሄ ባይኖር በመጀመሪያው ቀን ሥራ ይቆማል? የማይቆም ከሆነ «ቢኖር ጥሩ» ውስጥ ይግባ።

7. አስፈርሙ፣ ለውጡንም መዝግቡ

ሰነዱን ሰው ሃብት፣ ፋይናንስ፣ አይቲና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ያንብቡት። ከፈረሙ በኋላ ለሦስቱም ድርጅቶች አንድ ዓይነት ቅጂ ይላክ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ግን በቴሌግራም ወይም በኮሪደር ወሬ አትቀበሉት። በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ምን ይጨመር፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን። መጀመሪያ ላይ በስም የጻፋችሁት ሰው ይፈርምበት ወይም ለሁለተኛው ዙር ያቆየው። በርክክብ ዕለት ደግሞ የየካቲቱንና የጳጉሜኑን ምሳሌ ባለሙያዋ ራሷ ታስገባ። የሚወጣው ቁጥር ሰነዱ ላይ ካለው እኩል ካልሆነ ርክክቡ ላይ አትፈርሙ።