ከእውነተኛ ሳይንስ የሚወለዱ የተሳሳቱ ድምዳሜዎች፦ ስለ ካንሰርና ሥር ስለሰደዱ በሽታዎች ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ምክር ይዘንብበታል። ስኳር አቁም፤ ደምህን ከአሲድ አጽዳ፤ ይህን ቫይታሚን ውሰድ። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚናገሩትም ብዙ ጊዜ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ መነሻው በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ግኝት ነው። ስህተቱ የሚገባው ከግኝቱ ወደ ምክሩ በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። አንድ ሞለኪውል በሴል ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰው አካል ላይ የሚያስከትለውን ማወቅ ደግሞ ሌላ። በሁለቱ መካከል ጉበት አለ፣ ኩላሊት አለ፣ ሆርሞን አለ፣ የዓመታት ጊዜ አለ። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ስኳር ካቆምሁ ካንሰሩ ይራባል"

ጀርመናዊው ባዮኬሚስት ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። አብዛኛው ጤነኛ ሴል ኦክስጅን ካገኘ ግሉኮስን (በደም ውስጥ ያለውን ስኳር) ሚቶኮንድሪያ በተባለው የሴሉ የጉልበት ማመንጫ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያቃጥለዋል። የዕጢ ሴል ግን በቂ ኦክስጅን እያለ እንኳ ብዙውን ግሉኮስ መንገድ ላይ አቋርጦ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። በዚህ አቋራጭ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው 2 ኤቲፒ (ሴል ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቢቃጠል ኖሮ 30 ገደማ ይገኝ ነበር። ነገሩ ብክነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የሚባዛ ሴል የሚፈልገው ጉልበት ብቻ አይደለም። አንዱ ሁለት እንዲሆን አዲስ ዲኤንኤ፣ አዲስ ሽፋን፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የግሉኮስ ካርቦን ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። ሐኪሞች በፔት ስካን ዕጢ የሚፈልጉትም ይህንኑ ባሕርይ ተከትለው ነው፤ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለው ግሉኮስ መሰል ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጡና የት እንደተከማቸ ያያሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። ዝላዩ የሚመጣው "እንግዲያው ስኳር ካልበላሁ ዕጢው ምግብ ያጣል" ሲባል ነው። የደም ግሉኮስ ከገበታ ብቻ አይመጣም። ሰው ሳይበላ ቢያድር ጉበቱ መጀመሪያ ካከማቸው ግላይኮጅን፣ ቀጥሎም ከአሚኖ አሲድ፣ ከላክቴትና ከግሊሰሮል ግሉኮስ እየሠራ ለደሙ ያቀርባል። በጤነኛ ሰው የጾም መጠኑ በዴሲሊትር ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ገደማ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ዕጢው ከዚህ ደም ድርሻውን ይወስዳል። ግሉኮስ ቢያጥረው ደግሞ ብዙ ካንሰሮች ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድና ስብን መጠቀም ይችላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ምክር የሚያስከትለው ጉዳት ነው። ብዙ ካንሰሮች ካኬክሲያ የሚባል መክሳት ያመጣሉ። ካኬክሲያ ተራ ረሃብ አይደለም፤ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ሞለኪውሎች የጡንቻን ፕሮቲን ስለሚያፈርሱ ምግብ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። በዚህ ላይ ሕመምተኛው በገዛ ፈቃዱ ምግቡን ሲቀንስ፣ ቀዶ ሕክምናውንና መድኃኒቱን የሚቋቋምበት አቅም አብሮ ይሄዳል። ጣፋጭ ያለ ልክ መውሰድ ምንም አይጎዳም እያልሁ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ግን በሌላ፣ ረጅም በሆነ መንገድ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ኢንሱሊን ለዓመታት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ካረጡ ሴቶች የስብ ሕዋስ የሚመነጨው ኤስትሮጅን ይበዛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከመጠን በላይ ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር ያያዘው እንዲህ ያሉ መንገዶችንም አይቶ ነው።

ዋርበርግ ራሱ በዚህ ዝላይ መሰናከሉን ማወቅ ይጠቅማል። የተመለከተው እውነት ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን የካንሰር መነሻ የሚቶኮንድሪያ መበላሸት ነው ብሎ ደመደመ። ዛሬ የአብዛኞቹ ካንሰሮች ሚቶኮንድሪያ እንደሚሠራ እናውቃለን።

"ካንሰር አሲድ ይወዳል፤ ስለዚህ ደምን አልካላይ ማድረግ"

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ታናሽ ወንድም ነው። በዕጢ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በእርግጥ አሲዳማ ነው፤ ምክንያቱም ሴሎቹ አሲድ ወደ ውጭ ያስወጣሉ። አሲዱ የዕጢው ሥራ ውጤት እንጂ ዕጢውን የወለደው አይደለም። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይጠበቃል። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በማስወጣት፣ ኩላሊት አሲድን ወደ ሽንት በመላክ ይህን ይጠብቃሉ። ምግብ የሽንትን ፒኤች ይለውጣል። በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ላይ ቀለሙ ሲለወጥ አይቶ "ደሜ ተለወጠ" የሚል ሰው ያየው ኩላሊቱ ሥራውን በሚገባ መሥራቱን ነው።

"ኦክስጅን ሴልን ያበላሻል፤ ስለዚህ አንቲኦክሲዳንት በብዛት"

ከሚቶኮንድሪያ የሚያመልጡ የኦክስጅን ቅንጣቶች ዲኤንኤን ሊጎዱ መቻላቸው የታወቀ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው በሚበሉ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር አነስ ብሎ መታየቱም ቀድሞ ተመዝግቧል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሐሳቡ ያለቀለት መሰለ፤ በአትክልት ውስጥ የሚገኘውን አንቲኦክሲዳንት (የኦክስጅንን ጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር)፣ ቤታ ካሮቲንን፣ በክኒን ብንሰጥስ?

በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተካፈሉበት ሙከራ ውጤቱን በ1994 ሲያወጣ፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካ አጫሾችን፣ ማጨስ ያቆሙትንና ለአስቤስቶስ የተጋለጡትን ጨምሮ 18,314 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ደግሞ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ሰጠ። የሳንባ ካንሰር በ28 በመቶ በመብለጡ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ቫይታሚን ኢ የፕሮስቴት ካንሰርን 17 በመቶ ጨመረ። እነዚህን ቁጥሮች ባነበብሁ ቁጥር ለመጠበቅ ብለው ክኒኑን በየቀኑ ይውጡ የነበሩትን ሰዎች አስባለሁ።

ከምክንያቶቹ አንዱ ያው ሞለኪውል ሁለት ፊት ስላለው ነው። የኦክስጅን ቅንጣቶች አጥፊዎች ብቻ አይደሉም፤ ሴል ለሴል የሚላላክባቸው ምልክቶችም ናቸው፤ ነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስያንን የሚገድሉባቸው መሣሪያዎችም ናቸው። የካንሰር ሴል ራሱ በዚህ ጫና ሥር ይኖራል። ጫናውን ብናቀልለት ማንን እንደረዳን እርግጠኛ መሆን አንችልም፤ በ2014 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት አንቲኦክሲዳንት የሳንባ ዕጢን እድገት አፋጥኗል።

"በቤተ ሙከራ የካንሰርን ሴል ገድሏል"

ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በሳህን ላይ ያለን ሴል በቂ ጨው፣ አልኮል ወይም የልብስ ማንጫ ይገድለዋል። መጠየቅ ያለበት መድኃኒቱ በሰው ደም ውስጥ ያን ያህል መጠን ሊደርስ ይችላል ወይ፣ ጤነኛው ሴልስ ይተርፋል ወይ የሚለው ነው። ስለ ሜታቦሊዝም (ሴል ምግብን ወደ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ስለሚለውጥበት ሂደት) ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራዎች በሰፊው ከሚሠራባቸው የሴል ማሳደጊያ ፈሳሾች አንዱ በሊትር 25 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው፤ የጤነኛ ሰው ደም ያለው 5 ገደማ ነው። ይህ በዴሲሊትር 450 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሰው ላይ ቢገኝ ሐኪም የሚያስደነግጥ የስኳር መጠን። እንዲህ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ያደገ ሴል ስለ ምግብ ምርጫው የሚነግረንን በጥርጣሬ መቀበል ይገባል።

"የስኳር ሕመም የጀመረኝ በተነገረኝ ቀን ነው"

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ድንገት አይመጣም፤ ስኳር በመብላት ብቻም አይመጣም። ኢንሱሊን ለጉበት የሚሰጠው ዋና ትእዛዝ "ግሉኮስ መሥራት አቁም" የሚል ነው። በጉበት ውስጥ ስብ ሲከማች ከስቡ መሠራትና መፍረስ የሚገኙ ሞለኪውሎች ይህን ትእዛዝ ያደነዝዙታል። ጉበቱ ትእዛዙን ስለማይሰማ ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ይሠራል። ብዙ ሕመምተኞች "ማታ ቀለል ያለ ነገር በልቼ ተኛሁ፤ ጠዋት ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?" ብለው ሲጨነቁ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ከእራቱ ይልቅ በጉበቱ ውስጥ ነው።

ቆሽት መጀመሪያ ላይ ብዙ ኢንሱሊን በማመንጨት ጉድለቱን ይሸፍናል። በዚያ ዘመን የደም ስኳር ልክ ነው፤ ሰውየውም ጤነኛ ነው ይባላል። የብሪታንያው ታላቅ የስኳር ሕመም ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመሙ በሚታወቅበት ጊዜ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎች ግማሽ ያህል አቅማቸው አልቋል። ስለዚህ የምርመራው ቀን የታሪኩ አጋማሽ ነው።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ "ከእንግዲህ መመለሻ የለውም" ማለት ነው። በ2017 በብሪታንያ በታተመ ሙከራ፣ ሕመሙ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች በሐኪም ክትትል ክብደታቸውን ሲቀንሱ፣ ከ100ው 46ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት የደም ስኳራቸው ከሕመሙ መለኪያ በታች ሆነ። 15 ኪሎግራምና ከዚያ በላይ በቀነሱት ዘንድ ቁጥሩ 86 በመቶ ደርሷል። የጉበትና የቆሽት ስብ ሲወርድ ትእዛዙ እንደገና ተሰማ ማለት ነው። ይህን ግን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ለማቋረጥ ምክንያት ማድረግ አደገኛ ነው።

ምልክትን ከምክንያት ማምታታት

"ጥሩው ኮሌስትሮል" የሚባለው ኤችዲኤል ከፍ ያለባቸው ሰዎች የልብ ሕመም ያንስባቸዋል። ይህን ተከትሎ ኤችዲኤልን በ70 በመቶ ገደማ ከፍ የሚያደርግ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ተሠራ። ወደ 15,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሲሞከር የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በመጨመሩ በ2006 ቆመ። "መጥፎው ኮሌስትሮል" የሚባለው የኤልዲኤል ታሪክ ግን ሌላ ነው። ፒሲኤስኬ9 የተባለ ዘረመላቸው ከልደት ጀምሮ ሥራውን ያጎደለ ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው 28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፤ የልብ ደም ሥር ሕመማቸው ደግሞ 88 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዘረመሉን የሰጣቸው ተፈጥሮ እንጂ ኑሯቸው ስላልሆነ፣ ኤልዲኤል ምልክት ብቻ ሳይሆን ምክንያት ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

"ካንሰር የዘረመል ነው ወይስ የሜታቦሊዝም?"

ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። አይዲኤች1 የተባለው ኢንዛይም በአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎችና የደም ካንሰሮች ውስጥ በሚውቴሽን (በዘረመል ጽሑፍ ለውጥ) ይለወጣል። የተለወጠው ኢንዛይም ቱ-ሃይድሮክሲግሉታሬት የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ይህም በ2009 ተደረሰበት። ንጥረ ነገሩ ከዲኤንኤ ላይ የሜቲል ምልክቶችን (የዘረመልን አነባበብ የሚወስኑ ኬሚካዊ ምልክቶችን) የሚያነሡትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ ሴሉም ሳይበስል እንዲቀር ያደርጋል። ዘረመል ሜታቦሊዝምን ለወጠ፤ ሜታቦሊዝም ተመልሶ የዘረመልን አነባበብ ለወጠ። የትኛው ወገን ያሸንፋል ብሎ መከራከር ትርፍ የለውም።

"ሚውቴሽን ካለ ካንሰር አለ" የሚለውም እንዲሁ አይጸናም። በ2018 የጤነኛ ሰዎች የምግብ ቧንቧ ሲመረመር፣ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሰዎች ሴሎች ብዙዎቹ ከካንሰር ጋር የሚያያዘውን የኖች1 ሚውቴሽን ይዘው ተገኝተዋል፤ ከካንሰሩ ከራሱ ይልቅ በጤነኛው ቲሹ በዝቶ ነበር። በብዙ አካላት ውስጥ ሚውቴሽን ያለው ሴል ለዓመታት ከጎረቤቶቹ ጋር ይኖራል፤ ብዙውም ወደ ካንሰር አይደርስም።

"አንዱ ቁልፍ ሁሉን በር ይከፍታል"

በ1960 በፊላዴልፊያ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ሴሎች ውስጥ ያልተለመደ ትንሽ ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ከክሮሞሶም 9 እና 22 ቁርጥራጮች ቦታ መለዋወጥ የመጣ መሆኑን አሳየች። ከመለዋወጡ የተወለደው ፕሮቲን ሴሉን ያለ ማቋረጥ "ተባዛ" የሚል ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ያን ኢንዛይም የሚያግደው ኢማቲኒብ በ2001 ለሕክምና ተፈቀደ፤ ሰውን በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው ሕመም ብዙዎች አብረውት የሚያረጁት ሆነ። ከክሮሞሶሙ እስከ ክኒኑ 41 ዓመት ፈጅቷል፤ እያንዳንዱ መካከለኛ ደረጃም ተፈትሿል።

ይህ ድል ታዲያ ለሁሉም ካንሰር አንድ ክኒን ይገኛል የሚል ተስፋ አሳድሯል። ይህ የደም ካንሰር ግን በመጀመሪያው ደረጃው በአንድ ኢንዛይም ላይ የቆመ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። የሳንባ ወይም የቆሽት ዕጢ በርካታ መንገዶችን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይዞራል። በኢማቲኒብ ዘንድ እንኳ ኢንዛይሙ አንዲት አሚኖ አሲድ ለውጦ መድኃኒቱን የሚያመልጥባቸው ሕመምተኞች ስላሉ፣ ይህን ለማሸነፍ ተከታይ መድኃኒቶችን መሥራት አስፈልጓል።