እምቦጭ ሳያብብ ድረሱበት

ኩሬዬ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፣ ከወረታ ብዙም አይርቅም። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አረባበታለሁ፣ በበጋ ደግሞ ሽንኩርት አጠጣበታለሁ። ክረምት ጣና ሞልቶ ሜዳው በውሃ ሲሸፈን እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም ደጃችን ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ኩሬ ላላችሁም ለመቆፈር ላሰባችሁም መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ እሱ ነው።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ ሁለት እግር ካያችሁ «እሁድ አወጣዋለሁ» አትበሉ። ያኔውኑ አውጡት።

ከሁሉም በላይ ግን አበባውን አትጠብቁ። ወይን ጠጅ አበባው ያምራል፣ ሰውም ለጌጥ ይወስደዋል። እባካችሁ አትስጡ። ካበበ በኋላ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ይወድቅና እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የዘንድሮ አበባ ለልጆቻችሁ የሚተርፍ ሥራ ነው። ደግሞ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን እየዞራችሁ እዩ። ዘሩ የሚበቅለው እርጥብ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው። ያኔ ችግኙ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ይነቀላል።

ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ለማውጣት ነፋሱ ራሱ ያግዛችኋል። ወደ አንድ ዳር ገፍቶ እስኪሰበስበው ጠብቁ። ከዚያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በገመድና በመረብ ይጎትተው፣ የቀረውን በመንሽ አንሱት። በማጭድ አትከታትፉት፤ የተቆረጠው ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ሥሩ ጭምር ይውጣ። የጎማ ቦትና ጓንት ሳታደርጉ አትግቡ፣ በእኛ አካባቢ ውሃ ውስጥ ብልሃርዝያ አለ።

ያወጣችሁትን ዳሩ ላይ አትተዉት። ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይገባል፣ ሲበሰብስም ጭማቂው ለቀጣዩ አረም ምግብ ነው። ጎርፍ ወደ ኩሬው የማይመልሰው ቦታ ወስዳችሁ ሥሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስጡት። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያ ሁሉ ክምር ሲደርቅ ጥቂት ገለባ ነው የሚሆነው። ያላበበውን ለኮምፖስት ተጠቀሙበት። ያበበውን ግን አቃጥሉት።

ኬሚካል ይሻላል የሚሉ አሉ። ለጤፍ የተገዛ ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም ማጥፊያ ኩሬ ላይ መርጨት ከብት ለሚጠጣው፣ ዓሣው ተይዞ ለሚበላበት ውሃ አይሆንም። አረሙ በአንድ ጊዜ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ጎህ ሲቀድ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ካያችሁ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ያኔ ንጹህ ውሃ ጨምሩ፣ የበሰበሰውንም ቶሎ አውጡ።

አረሙ ደጋግሞ የሚመጣባችሁ ከሆነ የሚመግበውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከማሳ የሚታጠብ ዩሪያና የከብት እበት ነው። እኔ ከኩሬው በላይ በኩል ሣር እንዲበቅል ሰፊ መስመር ትቼ አጥሬዋለሁ፤ ጎርፉ እዚያ ይጣራል። ከብቶቹም የሚጠጡት ከገንዳ ነው። አልጌውም በዚህ ይቀንሳል። አረንጓዴ ክር የመሰለውን በሬክ እየጠቀለላችሁ አውጡት።

ፊላ፣ ያ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር መሰል ተክል፣ ሌላ ጠባይ አለው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ነቅላችሁ አትጨርሱትም። ውሃው በጣም ባነሰበት ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ከሥር ጠጋ አድርጋችሁ እጨዱት። ክረምቱ ገብቶ ውሃው ጉቶውን ሲሸፍነው ሥሩ አየር አጥቶ ይሞታል። ጉቶው ከውሃ በላይ ከቀረ ግን ድካማችሁ ከንቱ ነው። ሁሉንም አታጥፉት፤ ዳር ላይ ጥቂት ተዉ፣ ጫጩት ዓሣ ይደበቅበታል። አዲስ የምትቆፍሩ ከሆነ ዳሩን ገደል አድርጉት፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር አይነስ። ፊላ የሚወደው ጥልቀት የሌለውን ዳር ነው።

በመጨረሻ ውሃ መግቢያውም መውጫውም ላይ ወንፊት ሽቦ ግጠሙ፣ በየጊዜውም ጥረጉት። ከሰው የተዋሳችሁትን መረብ ሳታጥቡና ሳታደርቁ አትንከሩ። መውጫውን ችላ አትበሉ። ከእኛ ኩሬ የሚወጣው ውሃ ዞሮ ዞሮ ጣና ነው የሚገባው።