ያረጀ የሚያታ ቸርኬ፦ ንፋሱ የሚጠፋው ከጎማው ስር ነው

ከመጀመሪያው ማዝዳ ሚያታ መኪና ጋር ብዙ ቅዳሜ አሳልፌአለሁ። መብራቱ ብቅ ጥልቅ የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ያለውን ማለቴ ነው። እዚህ ሜሪላንድ የኛ ሰው ይወደዋል፤ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲነዱት ደስ ይላል። ቸርኬው ግን 30 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖታል። «በርካሽ አድስልኝ» ብሎ የሚመጣ ሁሉ የሚያሳየኝ ፊቱን ነው፤ የተላጠውን ቀለም፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የበላውን ከንፈር፣ ማለትም የቸርኬውን ዳር። እኔ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ጎማው የሸፈነውን ነው። ገንዘባችሁም ጊዜያችሁም መጀመሪያ እዚያ ይግባ።

ሚስማር ፈልጋችኋል፣ የቫልቩንም አፍ ሞክራችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

ምልክት፦ ሚስማር የለም፣ ጎማው ግን ቀስ እያለ ይተነፍሳል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። የሚያታ ጎማ የሚሞላው 26 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻ ነው። በሳምንት 5 ቢጠፋ በሁለት ሳምንት 16 ላይ ናችሁ ማለት ነው። መሪው ይከብዳል፣ ኩርባ ላይ መኪናው ይንሸራተታል፣ የጎማው ዳርና ዳር ቶሎ ይበላል።

ምክንያቱ ጨው ነው። በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቀልጦ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለው ቀለም ጎማ ሲወልቅ በብረት አንዴ ከተጫረ በቃ፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ማውጣት ይጀምራል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቀለሙን ከስር ይፈነቅላል፣ የጎማውን ጠርዝ ከመቀመጫው ገፋ ያደርገዋል፣ ንፋሱም በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ሌላው መነሻ ቸርኬው ከንፈር ላይ በመዶሻ የሚመታው የባላንስ እርሳስ ነው፤ ጎማው ሳይንቀጠቀጥ እንዲዞር የሚገጠመው ትንሽ ክብደት ማለቴ ነው። ቀለሙን ነክሶ ስለሚይዝ ዝገቱ ከሱ ስር ይጀምራል።

አንድ ጋሼ ቀይ የ1992 ሚያታ ነበራቸው። ሻንጣው ውስጥ ትንሽ የንፋስ መሙያ ይዘው፣ በየሶስት ቀኑ እየሞሉ ሁለት ዓመት ነዱ። «ልጄ፣ የዚህ መኪና ጠባዩ ነው ብለውኝ ነው» አሉኝ። ጠባይ አይደለም! አራቱንም አስወልቀን ስናይ መቀመጫው ዙሪያውን የጤፍ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። አንዱ ላይ ቀለሙ እንደ ቅርፊት በጥፍር ተነሳ። ከሰዓት በኋላውን ስንፍቅ ዋልን። ከወር በኋላ ደውለው «አንድ ፒኤስአይ ብቻ ነው የቀነሰው» ሲሉኝ ደስታዬ ከሳቸው አላነሰም።

ሌላ ልጅ ደግሞ አንድ ጎማ ቤት ሶስት ጊዜ ከፍሏል። ሶስቴም በጎማውና በቸርኬው መካከል ንፋስ እንዳይወጣ የሚቀባውን ጥቁር ማሸጊያ ዝገቱ ላይ ቀብተው ነው የሰጡት። ስንከፍተው ማሸጊያው ከዱቄቱ ጋር ተያይዞ ረገፈ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ማሸጊያ የሚይዘው ንጹህ ብረት ላይ ነው። ጎማው ወልቆ፣ ቸርኬው እጃቸው ላይ እያለ፣ አስር ደቂቃ ፍቀው ቢሆን ልጁ አይመለስም ነበር።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጎማውን ሳታስወልቁ የሳሙና ውሃ በሁለቱም ጎን ዙሪያውን እርጩና አረፋ የሚያወጣበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የኋላውን ጎን እንዳትረሱት፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ነው። ከዚያ ጎማ ቤት ወስዳችሁ ማስወለቅ ብቻ አስወልቁና ቸርኬውን ቤት ይዛችሁ ኑ። 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያዙና የጎማውን መቀመጫ ዙሪያውን ተከትላችሁ ፈትጉ፣ ወደ ጎን አግድም አይደለም። አግድም የተጫረ መስመር ራሱ የንፋስ መውጫ ይሆናል። ድሪል ላይ የሚገጠም የብረት ሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ። አሉሚኒየሙን ይቆፍረዋል፣ የብረት ብናኝም ትቶበት ይሄዳል። ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ጋ አትቁሙ፤ ጥብቅ ብሎ የያዘ ቀለም እስክታገኙ ድረስ ፋቁ። ከዚያ ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር ካልያዘው ለአሉሚኒየም የሚሆን ስስ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ) ይበቃዋል። ትንሽ ከያዘው በኢፖክሲ ሙሉና አስተካክሉ። ጥልቅ ሆኖ ብረቱን ካሳሳው ቸርኬው አልቆለታል።

መቀመጫው ላይ ወፍራም ቀለም በፍጹም አትቀቡ፤ ጎማው ሲገባ ይላጣል፣ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

የጎማውንም ጠርዝ እዩ፣ አሮጌ ማሸጊያና ዱቄት ተጣብቆበት ይሆናል። ጎኑ ላይ DOT ብሎ የሚጀምረውን ጽሑፍ የመጨረሻ 4 ቁጥሮችም አንብቡ። 2319 ካለ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። አስር ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ በደከማችሁበት ቸርኬ ላይ አትመልሱት። የላስቲኩን ቫልቭ የግድ ቀይሩ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ማሸጊያውን አሁን፣ ንጹሁ ላይ፣ ስስ አድርገው ይቀቡላችሁ። ባላንሱን ደግሞ ከውስጥ በኩል በሚለጠፈው እርሳስ እንዲሰሩ ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው መዶሻውን ያነሳሉ።

ምልክት፦ የተቀባው ቀለም በወሩ ይላጣል

ምክንያቱ ጎማ የሚያጠቁረው ቅባት ነው። አብዛኛው ሲሊኮን አለበት፣ ቀለም ደግሞ ሲሊኮን ላይ አይዝም። ቅባቱን ከመፈተጋችሁ በፊት አጥፉት፤ በላዩ ላይ ከፈተጋችሁ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። በሳሙና እጠቡ፣ ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፣ በየጊዜው ንጹህ ጨርቅ ተጠቀሙ። ከንፈሩ የተበላ ከሆነ በሞረድ አለስልሱና በ120፣ በ220፣ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በተራ ፈትጉ። የሱቅ ቀለም ማስለቀቂያ እንደ ድሮው አይደለም። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት አሜሪካ ውስጥ ለተራ ገዢ እንዳይሸጥ በ2019 ተከልክሏል፣ ገዳይ ጭስ ስላለው ትክክል ነው። አሁን ያለውን ቀብታችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሰዓታት ጠብቁ። ጎማው ሳይወልቅ የምትቀቡ ከሆነ የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በከንፈሩ መካከል ዙሪያውን ሰክታችሁ ቀቡ፤ ከማጣበቂያ ወረቀት የበለጠ ንጹህ ይወጣል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ቸርኬውን የሚያስረው ዳዶ የሚያርፍበትን ሾጣጣ ቀዳዳና ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) ላይ የሚለጠፍበትን ጀርባ አትቀቡ። አንድ ጎረቤቴ አሳምሮ ሙሉ በሙሉ ቀባው። ሁለት ቀን ነዳ። ቀለሙ ተጨፍልቆ አለቀና ዳዶዎቹ ላሉ፣ ግራ የፊት ጎማው እየተንኳኳ ቤቱ ደረሰ፣ ሁለት ዳዶ በእጅ ይዞር ነበር። ከልጁ ጋር ነበር የሄደው። ዳዶ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ፣ በግምት አይደለም። 80 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና ፈትሹ።

ምልክት፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሪው ይንቀጠቀጣል

ሚያታ ቀላል ስለሆነ ትንሽ የባላንስ ስህተት እንኳ ይሰማዋል። ባላንሱ ትክክል ከሆነ የሞዞውን ፊት ከዝገት አጽዱ። ቸርኬው የፋብሪካው ካልሆነ የመሃል ቀዳዳውን ለኩ። የሚያታ ሞዞ 54.1 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ በልኩ የተሰራ ቀለበት ያስፈልገዋል። የውስጥ ከንፈሩ ጉድጓድ መትቶት ከታጠፈ ባለሙያ ያቃናዋል።

ጥቂት ጊዜ ያየኋቸው

የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ የፍሬን ብናኝ ነው፤ ሲነካው ወይን ጠጅ በሚሆነው የብረት ማጽጃ ይለቃል። አሲድ ያለበትን የቸርኬ ማጽጃ ተዉት፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ካለው ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ ይጎዳል። የምድጃ ማጽጃም አሉሚኒየም ይበላል። የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም፣ ይጣላል።

በምትኩ ያገለገለ ስትገዙ 4 በ100 (አራት የዳዶ ቀዳዳ፣ 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ) የሆነ ሁሉ ይገባል ብላችሁ አትቸኩሉ። የድሮ ሆንዳ ሲቪክ ቸርኬም 4 በ100 ነው፣ ሲገጠም ልክ የገባ ይመስላል። የመሃል ቀዳዳው ግን 56.1 ነው። የፋብሪካው የሆንዳ ቸርኬ ደግሞ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የሚያታ ዳዶ ግን ሾጣጣ ነው። ሾጣጣ ዳዶ ክብ መቀመጫ ላይ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ብታጠብቁት ይላላል። ቀለበቱንና ክብ ራስ ያለውን ዳዶ አብራችሁ ካልገዛችሁ ያንን ቸርኬ አትግጠሙት።