ራዲሽ ካጣችሁ ፌጦ አለላችሁ

ለማይክሮግሪን (ገና በቡቃያነቱ ተቆርጦ ለሚበላ ለጋ አትክልት) ብላችሁ የራዲሽ (ሥሩ የሚበላ፣ ሰንፈጥ የሚያደርግ አትክልት) ዘር ፍለጋ አትድከሙ፣ ጓዳ ያለው ፌጦ ራሱ አሪፍ ማይክሮግሪን ይወጣዋል፣ እንደ ራዲሹ ሰንፈጥ ያደርጋል። ትሪ ላይ ሶፍት ደራርባችሁ አርጥቡና ዘሩን ሳሳ አድርጋችሁ በትኑበት፣ ቀድማችሁ እንዳትዘፈዝፉት ግን፣ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ሙልጭልጭ ይልና ተጣብቆ አልበተን ይላችኋል (እኔ አንዴ ሙሉ ብርጭቆ አበላሽቻለሁ)። 2 ቀን ሸፈን፣ ከዛ መስኮት ጋ አድርጋችሁ ጠዋት ማታ ውሃ ርጩበት። ሥሩ ላይ ነጭ ፀጉር ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው ብላችሁ ቶሎ አትድፉት፣ ውሃ ስትረጩበት ከጠፋ የሥሩ ፀጉር ነው፣ ካልጠፋና ከሸተተ ግን ጣሉት። በ7 እስከ 10 ቀን በመቀስ ቆርጣችሁ እንቁላል ፍርፍር ላይ ጣል ነው። ብቻ ለእርሻ ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ዘር እንዳትጠቀሙ።