ኤች-ቢ ውድሎን ለልጃችሁ ይሆናል? አርሊንግተን ለገባችሁ ወላጆች

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ከገባችሁና ቤታችሁ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ካለ፣ ኤች-ቢ ውድሎን ስለሚባለው ትምህርት ቤት ቶሎ ማወቅ አለባችሁ። ብዙ የኛ ሰው ስሙን የሚሰማው ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ቦታው ለሁሉም ልጅ ባይሆንም ለአንዳንዱ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለምና።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ኤች-ቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል፤ ክፍያ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ “አማራጭ ትምህርት ቤት” የሚባለው ረብሸው ወይም ወድቀው ከሌላ ቦታ የተላኩ ልጆች የሚማሩበት ስለሆነ፣ አንዳንድ ወላጅ ገና ሲሰማ ይሸሻል። ኤች-ቢ እንደዚያ አይደለም። ልጆቹ ፈልገው፣ አመልክተው ነው የሚገቡት። የሚወስዱት የስቴት ፈተና ያው ነው፣ ዲፕሎማውም ያው የቨርጂኒያ ዲፕሎማ ነው፣ ኮሌጅ ለመግባት የሚያግዙት የኤፒ ኮርሶችም አሉ። የሚለየው ውስጥ ያለው አኗኗር ነው።

አመጣጡን ካወቃችሁ ጠባዩ ይገባችኋል። በ1971 ሬይ አንደርሰን የሚባል መምህር ከሌሎች ጋር ሆኖ ውድሎን የተሰኘውን ፕሮግራም ለትልልቆቹ ክፍሎች ጀመረ፤ ሐሳቡ ተማሪ ስለ ራሱ ትምህርት ራሱ ይወስን የሚል ነው። በዓመቱ ለታናናሾቹ ተመሳሳይ ፕሮግራም በሆፍማን-ቦስተን ተከፈተ። ሆፍማን-ቦስተን በዘር መለያየት ዘመን የአርሊንግተን ጥቁር ልጆች የተማሩበት ቦታ ነው። ሁለቱ በ1978 ተዋሃዱ፤ “ኤች-ቢ” የሚሉት ፊደላት ሆፍማን-ቦስተን ከሚለው ስም የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ወደ 40 ዓመት የተቀመጡት ስትራትፎርድ ይባል በነበረው ሕንፃ ነው። እዚያ ሕንፃ በፌብሩዋሪ 2፣ 1959 አራት ጥቁር ተማሪዎች ገብተው፣ በቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት መጀመሪያ ከተሰበረባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ይሄን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ዛሬ በየትኛውም ክፍል ገብተው የሚቀመጡት እነዚያ አራቱ ከፍለውበት ነው። ትምህርት ቤቱ ከ2019 ጀምሮ ሮዝሊን በሚባለው የአርሊንግተን ሰፈር ነው ያለው፣ ከሜትሮ ጣቢያው በእግር ቅርብ፣ ፎቆቹ አንዱ በአንዱ ላይ ዞር ዞር ብለው የተደረደሩበት ሕንፃ ውስጥ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ነፃነቱ። ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ በቅርብ ይያዛል። ክፍሉ ከፍ ሲል ግን ነፃ ጊዜው እየሰፋ ይሄዳል፤ ፍሪ ፔሬድ፣ ማለትም ክፍል የሌለበት ሰዓት፣ ሲኖረው የት ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሠራ የሚያዘው የለም፣ ትልልቆቹማ ከግቢ መውጣትም ይፈቀድላቸዋል። የትምህርት ቤቱ መፈክር በላቲን የተጻፈ ሲሆን ሐሳቡ ለብልህ አንድ ቃል ይበቃዋል ነው፤ እኛ “ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም” እንደምንለው። ይሄ ግድግዳ ላይ ለማማር ብቻ የተሰቀለ አይደለም። ልጁን ያምኑታል፣ እምነቱን ካጎደለ ደግሞ የሚጎዳው ራሱ መሆኑን እንዲያየው ይተዉታል። አገር ቤት መምህሩ ዱላ ይዞ በር ላይ ቆሞ ላደግን ሰዎች ይሄ ልቅነት ይመስላል። በኔ እይታ ግን ከባድ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሳያይህ መሥራት ከሁሉም ይከብዳል።

መምህራኑን በስማቸው ብቻ ነው የሚጠሩት። ሚስተርም፣ ሚስም የለም። ልጃችሁ ማታ ቤት መጥቶ የሒሳብ አስተማሪውን እንደ ጓደኛው በስሙ ቢጠራው አትቆጡት፤ እዚያ ያለው ደንብ ነው፣ ንቀት አይደለም። ቤት ውስጥ ታላቅን ማክበር ከፈለጋችሁ እሱን ቤት ውስጥ አስተምሩ፤ ልጆች ሁለቱን ሳያምታቱ መያዝ ይችላሉ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ታውን ሚቲንግ የሚሉትን ስብሰባ ነው። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ያነሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። የተማሪ ድምፅና የመምህር ድምፅ እኩል ነው። የገንዘብና የመምህራን ድልድል ሳይቀር እዚያ ይነሳል፤ አዲስ መምህር ሲቀጠርም ተማሪዎች በምርጫው ይሳተፋሉ። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል ተብሎ ላደገ ልጅ ተነስቶ “እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም...” ማለት ቀላል አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ኋላ ሊቀመጥ ይችላል፣ እናንተም ማታ ማታ “ዛሬ ስለ ምን ተነጋገራችሁ? አንተስ ምን አልክ?” እያላችሁ ብትጠይቁት ቀስ በቀስ አፉን ይፈታል። ይሄ ችሎታ ሥራ ቦታም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሐኪም ፊትም ያስፈልገዋል።

ለማን ይሆናል ታዲያ? የማወቅ ጉጉት ላለው፣ በትልቅ ትምህርት ቤት ለሚጠፋ፣ የራሱ መንገድ ላለው ልጅ። የሰፈር ሃይስኩሎቹ እያንዳንዳቸው ከ2,000 በላይ ተማሪ ሲኖራቸው ኤች-ቢ በጣም ያንሳል፤ እያንዳንዱ ልጅም በቅርብ የሚከታተለው አማካሪ መምህር አለው። ካልገፉት የማይነሳ፣ ስልኩን ከያዘ ቀኑ የሚያልፍበት ልጅ ግን ሊቸገር ይችላል፤ ለዝና ብላችሁ አታስገቡት። ስፖርት ላይ እንደ ሌሎቹ ሙሉ ቡድኖች የሉትም። ኳስ ወይም ሩጫ የሚወድ ልጅ ለሰፈሩ ሃይስኩል ይጫወታል፤ ኤች-ቢ ራሱ የሚታወቀው በአልቲሜት፣ ማለትም በሚወረወረው ዲስክ ጨዋታ ነው።

መግቢያው በዕጣ ነው። ውጤት አይታይም፣ ፈተና የለም፣ የሚያውቁት ሰው አይረዳም፣ ስለዚህ “አስገባላችኋለሁ” ለሚል ሰው ሳንቲም እንዳትሰጡ። ዋናው መግቢያ 6ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር አካባቢ ተከፍቶ ጃንዋሪ ውስጥ ይዘጋል፣ ቀኑን ግን በየዓመቱ አረጋግጡ። ማመልከት የሚችለው የአርሊንግተን ነዋሪ ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ የምትኖሩ፣ የዘመድ አድራሻ አትጠቀሙ፤ ከታወቀ ልጁ ቦታውን ያጣል፣ ሐፍረቱም ለልጁ ነው የሚተርፈው።

ገና አዲስ ከሆናችሁ መጀመሪያ ልጁን በካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ያዙ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅም የመማር መብት አለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኖታል፣ ስለዚህ ወረቀታችን አላለቀም ብላችሁ ልጁን ቤት አታስቀምጡ። እንግሊዝኛው ገና ከሆነ ፈትነው ድጋፍ ይሰጡታል። አማርኛ በካውንቲው ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። በስብሰባ ላይ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ ጥፋት እየተነገረ እሱ እንዲተረጉም መጠየቅ ለሁላችሁም አይበጅም።

ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ወላጆች የሚያዘጋጀው የመረጃ ምሽት ላይ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። መምህራኑን ከሰማችሁ በኋላ እዚያ ያሉትን ተማሪዎች “ፍሪ ፔሬዳችሁን በምን ታሳልፋላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ መልስ ብዙ ትረዳላችሁ። ዕጣው ባይወጣላችሁ ልጁ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ስልካችሁንና ኢሜይላችሁን ከቀየራችሁ አሳውቁ፣ ቦታ ሲገኝ የሚጠሩት በዚያ ነው።